ሙጫ ያልነካው ዛፍ

ኃላፊው ሦስት ዛፍ ነቀሉና ኪሳቸው ከተቱ። በተራቆተው ቦታ ላይ ባዶ የክብሪት ቀፎ አጋደሙበት።

"ይኸው የመኪና ማቆሚያ" አሉ። "ከሰዓት ኮሚቴው ሲመጣ የጎደለ ነገር እንዳያይ።"

ፕላን አውጪዋ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የአዲሱን ሰፈር ሞዴል አየችው። ከኮረብታው እስከ ወንዙ ሳይቋረጥ እንዲወርድ የነደፈችው አረንጓዴ መስመር ወገቡ ላይ ተበጥሷል። ኮሚቴው ዛሬ ያጸደቀው ነገ ይቆፈራል። እናቷ ደግሞ እዚያው ሰፈር ቤት ደርሷታል፤ ከቤቷ እስከ ጤና ጣቢያው በጥላ የሚያስኬዳት መንገድ የክብሪት ቀፎው የተጋደመበት ነው። ትናንት እራት ላይ ጉልበቴ ሲዝል አረፍ የምልበት ዛፍ አለው ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ አፏን ሞልታ አለው ብላታለች።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ከተቆረጠ እኮ..."

"ዛፍ የትም ይበቅላል" ብለው ወጡ።

ዛፍ የትም ይበቅላል ማለት የትም አይበቅልም ማለት መሆኑን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። በየስብሰባው አንዱ ባንክ ያምረዋል፣ ሌላው አዳራሽ፤ ጣት ሁሉ የሚሄደው ወደ አረንጓዴው ነው።

"ለምንድነው አንድ ቀን እንኳ ሕንፃ የማይነቅሉት?" ብላ ሞዴል ሠሪውን አፋጠጠችው።

"ሕንፃውን በሙጫ ነዋ የማጣብቀው" አለ ዳቦውን እያላመጠ። "ዛፉን በስፒል ሰካ ነው። ዛፍ ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ።"

ተያዩ። ዳቦውን አስቀመጠ።

"አንቺ፣ ለካ ከተማውን የጨረስኩት እኔ ነኝ።"

ምሳ ሳይበሉ ቀሩ። ከሻይ ክፍሉ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ተሰርቆ ሦስት አዲስ ዛፍ ወጣው። ከዚያ ዛፍ የተባለ ሁሉ ሙጫ ጠጣ። የክብሪት ቀፎውን አንስታ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረችው። ሞዴሉ ላይ ከኃላፊው አዲስ ቢሮ ፊት ለፊት የታቀደው ፏፏቴ ብቻ ሳይጣበቅ ቀረ፤ ረስተነው ነው ይላሉ ሁለቱም።

ከሰዓት ኮሚቴው ሞዴሉን ከቦ ቆመ። ኃላፊው እያስረዱ ቀፎውን አነሱ፤ በሌላ እጃቸው አንዱን ዛፍ ይዘው ሳብ አደረጉት። እምቢ አለ። ጠንከር አድርገው ሲስቡት ሰፈሩ በሙሉ ከነሕንፃው ከጠረጴዛው ብድግ አለ። ላባቸውን ሊጠርጉ መሀረባቸውን ሲመዙ፣ የጠዋቶቹ ሦስት ዛፎች ወንዙ ላይ ዱብ ዱብ አሉ።

"የሕዝብ ዛፍ ኪስዎ ውስጥ ምን ይሠራል?" አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንዲት ኮስታራ ሴትዮ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፕላን አውጪዋ አልሳቀችም፤ ከዚህ የተሻለ ሰዓት እንደማታገኝ ገብቷታል።

"መሀሉ ከተቆረጠ መስመር አይባልም፣ ሁለት ቁራጭ ሣር ነው" አለች። "እናቴ ጤና ጣቢያ የምትሄደው በዚህ ነው። ጉልበቷን ያመማት ሰው ሁሉ በዚህ ነው የሚሄደው።"

ሰብሳቢዋ ጎንበስ ብለው መስመሩን ከኮረብታው እስከ ወንዙ በጣታቸው ተከተሉት። ጣታቸው የትም አልተሰናከለም።

"እንዳለ ይሁን" አሉ። "መኪናውስ?"

ኃላፊው ቀፎውን እንደያዙ ጠረጴዛውን ዞሩ። ሕንፃው አይነቃነቅም፣ ዛፉ አይነቃነቅም። በመጨረሻ የራሳቸውን ፏፏቴ ነካ ቢያደርጉት ተንሸራተተ። ትንሽ አዩት። ከዚያ በረጅሙ ተንፍሰው ቀፎውን በፏፏቴው ቦታ አስቀመጡ።

"እዚህ ይሻላል" አሉ፣ ከመጀመሪያውም ያሰቡት ይመስል።

ፕላን አውጪዋ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ሙጫውን ከኪሷ አወጣች፣ ቀፎውን አንስታ ሥሩን ቀባች፣ ቦታው መለሰችውና ኃላፊው እያዩ እስኪደርቅ ድረስ በአውራ ጣቷ ተጫነችው።