የሐጂ ሸረፈዲን አውፍ

ከኩታበር በላይ፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ የሐድራ ቤት አለ። ግድግዳው ጭቃ፣ ቆርቆሮው የዛገ ነው፤ ግን ያለ እሱ የሚሆን ነገር የለም። ቅሬው፣ እድራችን፣ የሚሰበሰበው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ዝናብ ሲጠፋ ዱአ የሚያዘው እዚያ ነው። ሰው ማን እንደሆነ የሚለየውም እዚያው ነው፤ በተቀመጠበት። ባለ ብዙ በሬው ከሼሁ ጎን፣ የእኔ ቢጤው በሩ ስር ከጫማው ጋር፣ እጅ እያስታጠበ።

ከአስራ ስምንት ዓመት በፊት፣ ለመርየም ሽማግሌ በላክሁ ሳምንት፣ አንድ ጁምዓ ማልጄ ሄጄ መሀል ተቀመጥሁ። ባለ ብዙ በሬው ሐጂ ሸረፈዲን ዘግይቶ ገባና ቦታ አጣ። ዞር ዞር ብሎ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ እኔን መረጠ።

«ተነሳ አንተ፣ ወደ በሩ ሂድ። እዚህ ሰው ይቀመጥበት።»

ሰው! የመርየም አባት ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሰማል። ልጁን አልከለከለኝም፤ ግን እስኪሞት ድረስ «አንተ» እንጂ ስሜን ጠርቶ አያውቅም። እኔም ኮምቦልቻ ወርጄ የመጋዘን ጥበቃ ሆንሁ። ያ ሰውዬ የት ገባ ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ ሐምሌ ዝናቡ ቀረ። ሦስት ጁምዓ ዱአ አደረጉ፤ ጠብ የለም። በእኛ አገር ዱአ ከመያዙ በፊት «አውፍ በሉኝ» እየተባለ ይቅር መባባል ግድ ነው። ሼሁ «ቂም የያዘባችሁ ሰው አለ፤ እሱ ሳይታረቅ እጅ ማንሳት ድካም ነው» አሏቸው። ያኔ ታወስሁ።

የሚስቴ ወንድም ሚስባህ አንድ ጣሳ ማር ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ከተፍ አለ።

«ሙንዚሬ! ደህና ነህ ወይ?»

«ማሩ ለማን ነው?»

«ላንተ ነዋ!»

«በአስራ ስምንት ዓመት አንድ ጣሳ። ንቦቻችሁ ሰነፎች ናቸው።»

«ተው በአላህ፣ ማሽላው እየነደደ ነው። አንተን ብቻ ነው የምንጠብቅ።»

«ሐጂ አውፍ በለኝ ይለኛል?»

«ይላል። ወላሂ ይላል።»

ሄድሁ። ቤቱ ጢም ብሏል። ሐጂ ሸረፈዲን ብድግ አለና፣ «ያስቀየምኋችሁ ካላችሁ ሁላችሁም አውፍ በሉኝ» አለ። ቤቱ በአንድ አፍ «አውፍ ብለናል!» አለ። እኔ ዝም።

«ሙንዚር?» አሉ ሼሁ።

«እኔ በጅምላ አልተዋረድሁም፤ በጅምላም አልታረቅም። ስሜን ይጥሩና ያደረጉኝን ይናገሩ።»

ሐጂ ጺሙን ዳሰሰ። «ምን ነበር ያደረግሁህ?»

አያስታውስም! እኔ ያን ቃል አስራ ስምንት ዓመት ሳመነዥክ እሱ በዚያው ቀን ምሳውን በልቶ ረስቶታል። ራሴው ነገርሁት።

«አማቴ ፊት ከቦታዬ አስነሱኝ። ‹እዚህ ሰው ይቀመጥበት› አሉ።»

ትንሽ አሰበ። «እሱስ የኔ ንግግር ይመስላል» አለ።

ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ ሳቅ አመለጠ። ከበሩ በኩል አንዱ «እኔንም በሰርጌ ሰሞን አስነስተውኛል!» አለ። ሌላው «እኔን ሁለቴ!» አለ። ሼሁ በዘንጋቸው ወለሉን መትተው ጸጥ አሰኙን።

«ሙንዚር፣» አለ ሐጂ፣ «አላስታውሰውም፤ ግን አድርጌዋለሁ። አውፍ በለኝ።»

ይኸው ነው። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እምቢ እንዳልል የሚነደው ማሽላ የእሱ ብቻ አይደለም፤ የድሀውም ነው።

«አውፍ ብያለሁ» አልሁ፣ ጥርሴን ነክሼ።

ከሼሁ ቀኝ አስቀመጡኝ። ዱአው ተያዘ፤ አሚን አልሁ። አልቆ ምግብ ሲቀርብ ሐጂ ሸረፈዲን በታረቀ ሰው ለስላሳ ድምፅ ወደኔ ዘንበል አለ።

«ሙንዚሬ፣ አንተ ታውቅበታለህ፤ እስቲ ብድግ በልና እጅ አስታጥበን።»

የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ። ከቦታዬ ንቅንቅ አላልሁም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐጂ ተነስቶ ጓዳውን ዳበሰ፣ አንዱ ደጅ ወጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ዕድሜ ልካቸውን የታጠቡበት ማስታጠቢያ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ከመሀላቸው ጠፋ። ከተቀመጥሁበት ለኔ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፤ ከምሰሶው ጀርባ ነው። ምግቡ ቀዘቀዘ።