ያለ ማጉያ የተነበበ ከረሜላ

ሰዓት ሠሪው በዓይኑ የሚምል ሰው ነው። «የቁንጫ ቅንድብ እቆጥራለሁ» ይላል፤ ሞቅ ሲለው ደግሞ ከሦስት ሰፈር ማዶ የተዘረጋ ጋዜጣ እስከ ሟች ማስታወቂያው ያነባል። ታናሽ እህቱን መዥገር ነክሷት፣ ከንክሻው በመጣ አለርጂ የአጥቢ እንስሳ ሥጋም ሆነ ከእንስሳው የወጣ ነገር ሁሉ ጠላት ሲሆንባት፣ የታሸገ ምግብ ጽሑፍ አንባቢነት ሹመትን ራሱ ለራሱ ሰጠ። ባለፈው ዱቄት ሾርባ ውስጥ የተደበቀ የከብት ስብ፣ በበላችው በአራት ሰዓቱ ጉሮሮዋን ዘግቶት ከሞት አፍ ነው የተመለሰችው።

ዛሬ ጠዋት አንድ ዓይነት ሁለት እሽግ ጄሊ ከረሜላ ገዛ። አንዱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ አራቀ፣ እንደገና አስጠጋና «ንጹሕ ነው፤ ብዪ!» አላት። እሷም ሁለት ፍሬ እያላመጠች ወደ ልብስ ስፌቷ ሄደች።

ሱቁ ገብቶ፣ ማጉያውን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ የእጅ ሰዓት ብሎን ሊፈታ ሲያጎነብስ፣ ጠረጴዛው ላይ የጣለው ሁለተኛው እሽግ ከሥሩ ነበር። ፊደሎቹ ዝሆን አክለው ተነሱበት፦ ጄላቲን፣ ከከብት ቆዳና አጥንት።

ብሎኗ ከእጁ አመለጠች። ስንት ሰዓት ሆነ? ቀና ቢል ግድግዳው ላይ አርባ የተበላሸ ሰዓት፣ አርባ ዓይነት ወሬ። ስልኩን አነሳ።

«እታለም፣ ከረሜላውን ስንት ሰዓት ላይ ነው የበላሽው?»

«ሁለት ሰዓት ላይ ነዋ፤ አብረን አልነበርን እንዴ? ምነው ጋሼ?»

«የከብት ጄላቲን አለበት።»

«አንብበኸው የለ!»

«አላነበብኩትም።»

«ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ እኮ!»

«ከንፈሬን ነው ያንቀሳቀስኩት። ያለ ማጉያ ካልታየኝ ሁለት ዓመቴ።»

ከወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«የአለርጂ መርፌዬን ቤት ትቼ ነው የመጣሁት» አለች፤ ድምጿ ቀጠነ። «አንተን አምኜ።»

«አጠገብሽ ያለው ክሊኒክ ግቢ! መጣሁ!»

ነፋስን ቀድሞ ደረሰ፤ እርግጥ በየመታጠፊያው ግድግዳ እየተደገፈ። እህቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ መዳፏን ታያለች። አራት ሰዓት ሆነ፤ ምንም። አምስት፤ ምንም። «ምናልባት ዛሬ ምሮኝ ይሆናል» አለች። ስድስት ሰዓት ላይ መዳፏ ቀላ፤ አሳከካት፤ ከንፈሯ አበጠ፤ ድምጿ ጎረነነ። ነርሷ ጭኗ ላይ መርፌውን ወጋቻት። ሰዓት ሠሪው የእህቱን ትንፋሽ እንደ ሰዓት ምት እየቆጠረ ቆመ፤ አንዷ በዘገየች ቁጥር የእሱም ትቆማለች።

አስር ሰዓት ገደማ ትንፋሿ ተስተካከለ፤ ራባትም። አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት እናት የታሸገ ብስኩት ዘረጉላት። አልነካችውም፤ ወንድሟን አየችው።

እሱም ያ ሁሉ ተራ ጠባቂ እያየው ማጉያውን ከኪሱ አውጥቶ ዓይኑ ላይ ሰካ፤ ቃል በቃል፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ስድስተኛው ቃል ላይ ቆመ።

«ምነው ጋሼ፣ አልታይ አለህ?»

«መታየትስ ይታየኛል። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቀውም።» ብስኩቱን ለእናትየዋ መለሰ። «አትብዪው።»