የቀዘቀዙት እንቁላሎች

ወለተሩፋኤል ለሰው አምና የማትሰጠው ሁለት ነገር ነበራት፤ አንዱ የጎተራዋ አፍ ነው፣ ሌላው ዶሮ ማሳቀፍ። እንቁላል ስትመርጥ ያየ ሰው ለልጇ ሚስት የምትመርጥ ይመስለው ነበር። እንዲያውም ለልጇ ሚስት ስትመርጥ ይህን ያህል አልተጨነቀችም። ይህን የምትለው ራሷ ናት፣ ያውም ምራቷ እየሰማች።

ምራቷ ሐረገወይን ከመካነ ብርሃን ተድራ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለው ከዚህ መንደር የገባችው ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመቱ ነው። ገና አልወለደችም። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ ወንድሟ ቤት ተጠግታ ትኖራለች፣ የወንድሟ ሚስት ደግሞ ተጨማሪ አፍ አትፈልግም። ብትባረር የምትገባበት ጣራ እንደሌለ እሷም ታውቃለች፣ አማቷም ታውቃለች። ባለፈው ክረምት ጥጃ ከእጇ አምልጦ ገደል ሲገባ፣ ወለተሩፋኤል ጣቷን ቀስራ፣ «አንድ ጥፋት ብትደግሚ ጨርቅሽን ጠቅልለሽ ወደ አገርሽ ነው!» ብላታለች። ባሏ ፋንታሁን አጠገባቸው ተቀምጦ ጠፍር ያለፋ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየ። ፋንታሁን ዝምታ የሚያበዛ ሰው ነው። ሐረገወይን ዝምታውን ሁልጊዜ የእናቱን ቃል እንደ ማጽደቅ ትቆጥረው ነበር።

በዚያ ዓመት ወለተሩፋኤል የመጨረሻ ሴት ልጇን ለጥምቀት ልትድር አሰበች። ለድግሱ የሚደርሱ ዶሮዎች በጊዜ ይፈልፈሉልኝ ብላ፣ ደህና አውራ ካለበት ቤት ሁሉ እንቁላል ለቃቅማ በመጋቢት ወር ቀይዋን ዶሮ አሳቀፈች። ወዲያው ደግሞ ስለት ነበረባትና ወደ ጎንደር ወረደች። ከቤት ስትወጣ፣ «ዶሮዋን በቀን አንዴ አስነሺያት፤ በልታ፣ ጠጥታ፣ ኩሷን ጥላ ወዲያው ትመለስ። ዐይንሽን ከእሷ እንዳትነቅይ» ብላ አስጠነቀቀች።

ሐረገወይን እንደታዘዘችው አደረገች፤ እስከዚያች ቀን ድረስ። በዚያች ጧት ዶሮዋን አስነስታ፣ ድመት እንዳይደርስባቸው እንቁላሎቹን በእንቅብ ከድና፣ ከደጅ ገብስ ስትበትንላት የጎረቤት ሴት ከአጥር ውጭ ተጣራች። ከመካነ ብርሃን የመጡ ነጋዴዎች ከማኪናው መንገድ ዳር አርፈዋል፣ የእናትሽ መንደር ሰዎች ናቸው አለቻት። ሐረገወይን ሌላ አልሰማችም። በሩን ገርበብ ሳይሆን ግጥም አድርጋ ዘግታ ሮጠች። ነጋዴዎቹ እናትሽ ዐይኗ ፈዟል፣ ስምሽን እየጠራች ትውላለች አሏት። እየጠየቀች ስታለቅስ፣ እያለቀሰች ስትጠይቅ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ስትመለስ ዶሮዋ ከተዘጋው በር ፊት ላባዋን ነፍታ ቆማለች።

እንቅቡን ገልጣ ዳሰሰቻቸው። የወገራ ብርድ ገብቶባቸዋል፤ ከምንጭ የወጣ ድንጋይ ሆነዋል። ዶሮዋን መልሳ አስቀመጠቻት። የዋህ ናት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ክንፏን ዘርግታ ታቀፈቻቸው። ሐረገወይን ለባሏ ትንፍሽ አላለችም።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወሰዳትም። ሞተው ይሆን? ተርፈው ይሆን? እንቁላል አፍ የለው ምን ብሎ ይንገራት። አንዱን እያነሳች ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች፤ የምትሰማው የገዛ ደረቷን ድለቃ ብቻ ነው።

አምሳለ እነወለተሩፋኤል ያዘዙትን ማድጋ ይዛ የመጣችው በዚህ ጭንቀት መሀል ነው። አምሳለ ከወንዙ ማዶ ከቤተ እስራኤል መንደር ያለች ሸክላ ሠሪ ናት። ባሏ ካሴ ቀጥቃጭ ነው፤ ከብረት ሥራው ሌላ የእነፋንታሁንን መሬት በእርቦ፣ የምርቱን ሩብ እየሰጠ፣ ያርሳል። አገሩ ሁሉ በእሷ ገንቦ ውኃ ይቀዳል፣ በእሷ ድስት ወጥ ይሠራል፣ ከዚያ ዞር ብሎ ቡዳ ናት ይላል። እሷም ዕቃዋን ከደጅ አኑራ፣ እህሏን ከደጅ ተቀብላ ትሄዳለች እንጂ ከክርስቲያን ቤት አትገባም፤ በወገኖቿ ሕግ ከሌላ ሰው ጋር የተነካካ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይመለስም።

«አምሳለ፣ አንች የዶሮ ነገር ታውቂያለሽ ሲሉ እሰማለሁ» አለች ሐረገወይን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እስቲ እንቁላሎቹን እይልኝ። ሞተውም እንደሆነ ቁርጤን ልወቅ።»

«ከቤት ግቢ ነው የምትይኝ? አማትሽስ?»

«ጎንደር ናት። በእናትሽ፣ እባክሽ።»

አምሳለ ግራ ቀኙን አየች። የልጅቱ ፊት አንጀቷን በላው። «እንግዲህ ወንዝ ወርጄ እታጠባለሁ» አለችና ገባች።

ምርጊቱ ከረገፈበት ግድግዳ በኩል የጧት ፀሐይ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትገባለች። አምሳለ በሩን አስዘጋችና አንዱን እንቁላል በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ይዛ ቀዳዳዋን ደፈነችበት። እንቁላሉ በጨለማው ውስጥ እንደ ፍም ቀላ።

«ነይ እይ። ሕይወት ያለው ሲሆን ከመሀሉ ጥቁር ነጥብ አለች፤ ከዙሪያዋ የደም ሥር እንደ ሸረሪት እግር ይዘረጋል፣ ነጥቧም ትንቀሳቀሳለች። አውራ ያላገኘው ደግሞ ጥርት ያለ ነው፣ ብርሃኑ ዝም ብሎ ያልፋል። ይኸ ግን...» እንቁላሉን ቀስ ብላ አዞረችው። «ይኸ የደም ቀለበት ሠርቷል። አየሽው? ሽሉ ከቅርፊቱ ተጣብቋል፣ ባዞረውም አይነቃነቅም። መፈጠር ጀምሮ ነው የሞተ።»

አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀለበት ያልሠራ አልተገኘም።

«ብርድ ነው የገደላቸው» አለች አምሳለ። «ዶሮዋ ተነስታ የዋለችበት ቀን አለ።»

ሐረገወይን ሁሉንም ዘረገፈችላት፤ ነጋዴዎቹን፣ እናቷን፣ የዘጋችውን በር። አምሳለ አልተቆጣችም። «እናት ናት፣ ምን ታደርጊ ልጄ። አሁን ሳይገሙ ጣያቸውና ሌላ...»

በሩ ተከፈተ። ወለተሩፋኤል የመንገድ አቧራ እንደለበሰች ቆማለች። ያየችው ጨለማውን ቤት፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ በሸክላ ሠሪዋ እጅ ደግሞ የራሷን እንቁላል ነው። እንትፍ እንትፍ ብላ ከበሩ ዞር አለችና አምሳለን አሳለፈቻት።

ሐረገወይን ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። ነገ እነግራታለሁ አለች። በማግስቱም ነገ አለች። የመፈልፈያው ቀን ደርሶ አለፈ። ወለተሩፋኤል እንቁላሎቹን አውጥታ ከደጅ ድንጋይ ላይ ሰበረቻቸው፤ ጥቁር ውኃ ፈሰሰ። ሽታውን ተከትሎ ጎረቤት ተሰበሰበ።

«በልታቸው ነው!» ብላ ጮኸች። «በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ!»

ከዚያማ ያልተነሳ ነገር የለም። የአንዱ ላም የነጠፈችው፣ የሌላዋ ልጅ በኩፍኝ የሞተው፣ ሁሉም አምሳለ ላይ ተደፋ። በደህናው ቀን እርስ በርስ የማይተማመን ሰው በዚህ ጊዜ አንድ ልብ ሆነ፤ ለክፋት ሲሆን ኅብረት እንዴት እንደሚቀለን ይገርመኛል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጭቃ ሹሙ አያ አድማሴ ከወይራው ሥር ለዳኝነት ተቀመጡ። አምሳለና ካሴ ተጠርተው መጡ።

«ሳልነካቸው ሞተው ነበር ጌታዬ» አለች አምሳለ። «ብርድ ነው የመታቸው። ሐረጌ ታውቃለች፣ እሷን ይጠይቋት።» የተዘጋውን በርና የነጋዴዎቹን ወሬ አላነሳችም፤ እሱን ለሐረገወይን ተወችላት።

«አንች ልጅ» አሉ አያ አድማሴ፣ «ይች ሴት ከመንካቷ በፊት እንቁላሎቹ ደህና ነበሩ ወይስ አልነበሩም?»

ሐረገወይን አማቷን አየች። ባሏን አየች፤ ፋንታሁን በዱላው መሬቱን ይጭራል። አምሳለን አየች፤ አምሳለ አይዞሽ፣ ተናገሪ በሚል ዓይን ታያታለች። የወንድሟ ሚስት በር ላይ ቆማ በሐሳቧ ታየቻት፤ ጨርቋን ጠቅልላ የምትሄድበት መንገድም ታያት።

«ደህና ነበሩ» አለች።

«ምነው ልጄ?» አላት ካሴ። «ምነው?»

በዚያው ሳምንት ቤታቸው ተቃጠለ። ማን ለኮሰው ቢባል ሁሉም ያን ጊዜ ሌላ ቦታ ነበረ። ካሴና አምሳለ ከእሳት የተረፈውን በአህያ ጭነው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው፣ በዝናብ በአዲ አርቃይ መንገድ ሄዱ። ትንሹ ልጃቸው ደባርቅ ሳይደርሱ በብርድ መሞቱ በኋላ ተሰማ። ሐረገወይን ወሬውን የሰማችው ከምንጭ ዳር ነው፤ እንስራዋን ሞልታ፣ አዝላ፣ ቤቷ እስክትገባ አላለቀሰችም። ስትገባ አማቷ ነበረች፣ እዚያም ማልቀስ አልቻለችም።

ሰኔ ሲገባ ለባሏ ምሳ ይዛ ወንዝ ማዶ ወረደች። ካሴ ያርሰው የነበረውን መሬት ዘንድሮ ፋንታሁን ራሱ ይዞታል። በሬዎቹን አቁሞ ቂጣውን መቁረስ ጀመረ፤ ዝምተኛው ሰውዬ ያን ቀን ጨዋታ አሰኘው።

«ሸጋ መሬት ነው» አለ። «አባቴ ለካሴ ሲሰጠው ልጅ ነበርሁ። እንዴት ብዬ ላስለቅቀው ስል ኖሬ ኖሬ፣ በእንቁላል ወጣ።»

ሐረገወይን ቂጣውን አስጠጋችለት።

«ዶሮዋን እኮ አይቻት ነበር» አለ እያኘከ። «ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ከደጅ ያለውን ጠፍር ልወስድ ብመጣ፣ በር ላይ ትንቆራጠጣለች።»

«አይተሃት ነበር?» አለች። «ታዲያ ከወይራው ሥር ስጠየቅ ምነው ዝም አልህ?»

«አንችስ ምነው ዋሸሽ?»

«እኔማ እናትህ ብላህ አንተ እንዳታባርረኝ ፈርቼ ነው!»

ፋንታሁን ማኘኩን ትቶ አያት፤ ከልቡ ተገርሟል። ከዚያ ሳቁ መጣ። «ለእንቁላል ብዬ?» አለ። «ለእንቁላል ብሎ ሚስቱን የሚፈታ ሰው የት አየሽ?» እስኪያስለው ሳቀ። እንባውን በነጠላው ጫፍ ጠርጎ ተነሳና ጅራፉን አጩኾ ትልሙን ቀጠለ። ሐረገወይን ከታረሰው አፈር ላይ ቁጭ አለች።