እጅ ከመሪው አይነሳም

ፈሪ ነኝ። እሑድ እሑድ ብስክሌት ነጂዎችን ሰብስቤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ካራቆሬ በሚወስደው አስፋልት የማለማምደው ጀግና ሆኜ አይደለም። የጋሼ ዘውዴ ልጅ ሀይሉ ከሞተ ወዲህ ፍርሃቱ ቤት አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ሀይሉ ከድልድዩ ወዲያ ማሳቸው ዳር ለቆሙት አባቱ ሰላምታ ሊሰጥ ቀኝ እጁን ከመሪው ሲያነሳ ጎማው ጉድጓድ ገባ፤ ከኋላው ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ስር ወደቀ። ጉድጓዱ ዛሬም አልተደፈነም።

የእኛ አገር ሰው ታላቁን አይቶ እጁን ደረቱ ላይ ሳያደርግ አያልፍም። ብስክሌት ላይ ሆኖም ያው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርቴ አጭር ነው፦ ሰላምታ በአፍ ብቻ፣ እጅ ከመሪው አይነሳም። አብረውኝ ለሚነዱት ለሙሀሲንም ለሰሀርም ለመቅደስም ገባቸው። ያልገባው አባቴ ከቢር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከሽንኩርት ማሳው ገበያ በብስክሌት ሲመላለስ ኖሯል፤ ሮቢት ውስጥ የማያውቀው ሰው ደግሞ የለም።

«እጄን ሳላነሳማ እንዴት አልፋለሁ? ‹ከቢር ኮራ› ይሉኛል» ይላል።

«ይበሉሃ!»

«ሩዋይዳ፣ አስተማሪ ሆንሽብኝ እንግዲህ!» ብሎ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ባለፈው እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማ ይዤው ወጣሁ። እሱን ከፊቴ አድርጌ መጨረሻ ሆንኩ። መጨረሻ ያለው ሰው መኪና ሲመጣ ይጮሃል፣ ሌላው በአንድ መስመር ጠርዝ ይይዛል፤ ደንባችን ነው። ድልድዩን እንዳለፍን ጋሼ ዘውዴን አየኋቸው። ልጃቸው በወደቀበት ቦታ፣ ማሳቸው ዳር ቆመዋል። አባቴ ለማንም ባያነሳ ለእሳቸው ያነሳል፤ ሀዘንተኛ ወዳጁን ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም።

በዚያው ቅጽበት ከኋላዬ የከባድ መኪና ድምፅ መጣ።

«መኪና!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ጠርዝ ያዙ፣ አባቴም ያዘ። ግን ፊቱ ወደ ጋሼ ዘውዴ ዞረ፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ከመሪው ሲላቀቁ አየሁ። ጉድጓዱ ፊቱ ነው። «አባዬ!» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ያ አላህ፣ ዓይኔ እያየ አባቴን ላጣው ነው አልኩ።

«ከቢር!» የጮኹት ጋሼ ዘውዴ ናቸው። «እጅህን እንዳታነሳ! ሰላምታህ ደርሶኛል! በሁለት እጅህ ያዝ!»

አባቴ ያዘ። ጎማው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ነጠረ፣ መኪናው በአጠገቡ እየጮኸ አለፈ፣ እሱ ግን አልወደቀም።

ከብስክሌት ስንወርድ አባቴ መሪውን መልቀቅ አቃተው። ጣቶቹን አንድ በአንድ እኔ አላቀቅኩለት። ቀና ስል ጋሼ ዘውዴ አጠገባችን ደርሰዋል። ሁለት እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው ጭምቅ አድርገው ይዘዋል።

«ብስክሌት ሳይ እንዲህ ነው የምቆመው» አሉኝ። «ያን ቀን ቀድሜ እጄን ያነሳሁለት እኔ ነበርኩ።»