ምንጣፉ ላይ የቀሩት ፕላስተሮች

መዶሻን በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው እናቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ካለፈች ቆይታለች። ትልቁን ከበሮ በእግሩ ሲመታ የጎረቤት መስኮት ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቅጽል ስሙ ተጣብቆበት ቀረ። ድምፅ ቀጂው ታናሽ ወንድሙ ግን ጋሼ ነው የሚለው።

ዘንድሮ የመዶሻ ቀኝ እግር ይከዳው ጀመር። ሐኪሙ የነርቭ ነው፣ እየባሰ ይሄዳል አለ። የመጨረሻ አልበሙን ሊሠራ ወደ ወንድሙ ስቱዲዮ ሲመጣ ቃል አስገባው።

«እግሬ ያበቃለት ቀን ንገረኝ። የሰው መሳቂያ መሆን አልፈልግም።»

«እሺ ጋሼ» አለ ታናሹ። እሺ ለማለት መቼ ሰንፎ ያውቃል!

የመጀመሪያው ዘፈን ያለ ችግር ተቀዳ። ማይኩ ከትልቁ ከበሮ ፊት ለፊት፣ ፊቱ ላይ ካለው ቀዳዳ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ድምፁ ሙሉ ነው፣ ደረት ድረስ ይገባል። ታናሹ እንደ ልማዱ የማይኩ መቆሚያ ያረፈበት ምንጣፍ ላይ ፕላስተር ለጥፎ «1» ብሎ ጻፈበት። ቦታው ከጠፋ ያንኑ ድምፅ ድጋሚ ማግኘት ዘበት ነው።

በሁለተኛው ዘፈን የመዶሻ እግር ደከመ። ታናሹ ማይኩን አንድ ስንዝር አስጠጋው። ለሦስተኛው ደግሞ አስጠግቶ፣ ወፍራሙን የከበሮ ቆዳ በስስ ቀየረው፤ ስስ ቆዳ ለደካማ ምትም ይናገራላ። «የድሮው ተሰንጥቆ ነው» ብሎ ዋሸ። ለአራተኛው ማይኩን በቀዳዳው አስገብቶ የእግሩ መምቻ የሚያርፍበት ጋ ደቀነው። እዚያ ሲቀዳ ትንሿ ጠቅታ እንኳ ጉልበት ያላት ትመስላለች። መዶሻ አዳምጦ «አየህ፣ ገና ነኝ!» ብሎ ሳቀ። ታናሹም አብሮት ሳቀ።

አምስተኛውን ሊጀምሩ ሲሉ የከበሮው ዱላ ከመዶሻ እጅ አምልጦ ተንከባለለ። ሊያነሳው ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ። ምንጣፉ ላይ ከ«1» እስከ «4» አራት ፕላስተሮች ተሰልፈው ወደ ከበሮው ይጠጋሉ። ያ ጅል ወንድም ሁሉን ደብቆ እነሱን መላጥ ረስቷል። ሠላሳ ዓመት ስቱዲዮ ውስጥ የኖረ ሰው ማንም ሳያስረዳው ገባው።

«ከሁለተኛው ጀምሮ ነው?»

ታናሹ የማዳመጫውን ገመድ መጠቅለል ያዘ።

«አንተን እኮ ነው!»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ በማግስቱ አትመጣማ» አለና ታናሹ፣ ያ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ፣ ተንሰቀሰቀ።

መዶሻ ዱላውን ከምንጣፉ አነሳ። ከዚያ «ወፍራሙ ቆዳ የት አለ?» አለ። መደርደሪያው ሥር ነበር፤ ስንጥቅ የሚባል የለበትም። አብረው ገጠሙት፣ አብረው አጠበቁት። ማይኩን መዶሻ ራሱ አውጥቶ «1» ላይ አቆመው።

«በል ቅዳ። ምንም እንዳትነካ።»

ተጫወተ። በማዳመጫው ውስጥ እግሩ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ ፈርቶ በር የሚያንኳኳ ሰው ይመስል ነበር። የታናሹ ጣት ወደ ድምፅ መጨመሪያው ሄደ፤ መልሶ እጁን ጭኑ ሥር ወሸቀው። ዘፈኑ እስኪያልቅ እንደዚያው ተቀመጠ።

«ሰማኸው?» አለ መዶሻ።

«ሰማሁት።»

«በል እንግዲህ ንገረኝ።»

ታናሹ ነገረው።

በማግስቱ በሰዓቱ ማይኩን «1» ላይ አቁሞ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀመጠ። ጋሼው አልመጣም።