«አልሆነልኝም» የተባለው ጠላ

አዲስ አበባ ያለች ሐኪም በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ኦቲዝም እንዳለብኝ ስትነግረኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። እሷ ደነገጠች። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ባለጌ ነኝ ብዬ ነበር የኖርኩት!

ባለጌ ያሰኘኝ ጠላ ነው። እኛ መንዝ ደጋሿ ጠላዋን ስትቀዳ «አልሆነልኝም» ትላለች፤ ቀጠነም ሆመጠጠም እንግዳው «ኧረ ማለፊያ ነው!» ይላል። ይህን ለእኔ የነገረኝ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከሟች እናቴ በወረስኩት የሚካኤል ማኅበር፣ ሰብሊ «አልሆነልኝም» እያለች ቀዳችልኝ። ቀመስኩ። «እውነትሽን ነው፣ ቀጥኗል» አልኳት፤ ላጽናናት ብዬ።

ሰብሊ ማን መሰለቻችሁ? መሐል ሜዳ ስንማር ጆሮዬ ሥር እያጨበጨበች፣ ስበረግግ ክፍሉን የምታስቅብኝ ልጅ ናት። «በርጋጊት» የሚለውን ስም ያወጣችልኝም እሷው። ያን ቀንም «በርጋጊት ዛሬም አልበሰለችም» ብላ ቤት ሙሉ ሰው አሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ ቀረሁ። የእናቴ ቦታ ባዶ መቅረቱ ግን አንገበገበኝ። ይባስ ብሎ የማኅበሩ አባት፣ አባ አትናቴዎስ፣ «እስከዳር ልጄ፣ በዚህ ወር ካልመጣሽ ቦታው ለሌላ ሰው ነው» ብለው ላኩብኝ። ደጋሿ ደግሞ ሰብሊ!

ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«ኦቲዝም አለብኝ፤ አብሮኝ የተፈጠረ ነው። የምትሉኝን እንዳላችሁት ነው የምሰማው፤ ጭብጨባ ደግሞ ያመኛል። ሰብሊ፣ ያኔ በየጠዋቱ አንቺን ፈርቼ አለቅስ ነበር።»

ሰብሊ ማሰሮዋን አንስታ መቅዳት ጀመረች። እኔ ጋ ስትደርስ በልማድ «አልሆነ…» ብላ አቋረጠችው።

ሁሉም እኔን ያያል። መባል ያለበትን አሁን አውቃለሁ። ቢሆንም ቀመስኩ፤ ደገምኩ።

«ጌሾው ትንሽ በዝቷል እንጂ ጥሩ ጠላ ነው» አልኩ። «ከእናቴ ጠላ አያንስም።»

ሰብሊ ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ስጠምቅ፣ ጥሩ ነው ሲሉኝ ያመንኩት ዛሬ ነው» አለች። «ስለዚያ ጭብጨባ ይቅር በይኝ፣ እስኩዬ።»

አባ አትናቴዎስ «ይቅር በያት እንጂ ልጄ» አሉኝ። አሰብኩበት።

«ግማሹን ዛሬ ይቅር ብያለሁ» አልኳት። «ግማሹን በሚቀጥለው ወር፣ እኔ ቤት ስትመጪ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ቤት ከሰው ጋር አብሬ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያም የእናቴ ቦታ ላይ ተቀመጥኩና የሚቀጥለውን ወር ጽዋ ተቀበልኩ። ጠላዬ ጥሩ እንደሚሆን ከአሁኑ ነግሬያቸዋለሁ።