በናስትሮ የተሸፈነች ልብ

«እስቲ አንድ ነገር ተናገር። ነርሷ ማውራት እስኪያቅትህ አትሥራ አላለችህም?» አለችው ሚስቱ ከካውያዋ ቀና ሳትል።

ሹፌሩ መናገር አልቻለም። ሁለቱን እጀታዎች ጨብጦ፣ እግሮቹን መርገጫዎቹ ላይ እያሽከረከረ አየር በአፉ ይጎርሳል። ባለበት የሚሽከረከረውን የስፖርት ብስክሌት ማሽን ያመጡት ከሚስቱ እህት ቤት ነው፤ እዚያ ልብስ ማስጫ ሆኖ ኖሯል። አሁን በሶፋውና በበሩ መካከል ስለተገተረ፣ ገቢውም ወጪውም ወደ ጎን ዞሮ ነው የሚያልፈው።

የሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ ነገሩን አቅልላ ነበር የነገረችው፦ ለጀማሪ ጥቂት ደቂቃ እንደሚበቃ፣ ማሽኑን ማክበድ እንደማያስፈልግ፣ ማውራት ካቃተው ፍጥነት እንዲቀንስ፣ ደረቱን ከያዘው ግን ወርዶ በቀጥታ ወደ እነሱ እንዲመጣ። እሱ ግን ሰኞ የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ የጤና ምርመራ አለበት። ያን ካላለፈ መሪ አይጨብጥም። ስለዚህ የወራትን ሥራ በጥቂት ቀን ሊጨርስ ተነሣ።

መንገድ ላይ ሲሆን ጥድፊያ የሚባል ነገር አይወድም። ተሳፋሪ «ኧረ ንዳው!» ሲለው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ስለሚመልስ፣ ባልደረቦቹ ጋሽ እንቁላል ብለውታል። ማሽኑ ላይ ሲወጣ ግን ተረቱ ከየት ይምጣ።

ሚስቱ የነገውን ሸሚዝ ተኩሳ ሰቀለችና ጠጋ አለች። የማሽኑ ሰሌዳ ጥግ ላይ ጥቁር ናስትሮ ተለጥፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የልብ ምልክት አለች... ቀይ... ብልጭ ድርግም እያለች... አስቸገረችኝ።»

የሹፌር ሚስት ናትና ነገሩ ወዲያው ገባት። የድሮ ሹፌሮች የዳሽቦርድ የማስጠንቀቂያ መብራት አልጠፋ ሲላቸው ናስትሮ ለጥፈውበት እንደሚነዱ ራሱ እየሳቀ ነግሯታል። አሁን ሳቋ አልመጣም። ናስትሮውን ስትልጠው ቀይዋ ልብ ከሥሩ ትርገበገባለች።

«ውረድ» አለችው።

«ሰሌዳው ላይ ያለችውን ዳገት ልጨርስ።»

አልጨረሳትም። የሆነ ነገር ደረቱን ጨምድዶ ያዘው፤ ግራ ክንዱ እስከ ጣቶቹ ደነዘዘ። እንደምንም ወርዶ ሶፋው ላይ ዝርፍጥ አለ። ሚስቱ ግንባሩን ስትነካው ላቡ ቀዝቃዛ ነው። ነፍስ አልቀረላትም፤ ታላቅ ወንድሙን የቀበሩት በዚሁ ሕመም ነው። ክሊኒክ እንሂድ ብትለው አለፈልኝ አላት፤ እውነትም ቀለል ብሎት ነበር። ሰኞ ብቻ ትለፍና ከዚያ እታከማለሁ እያለ ለመናት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች። «እውነቱን ንገረኝ፤ ከዚህ በፊት ይዞህ ያውቃል?»

ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ባለፈው ሳምንት። ቁልቁለቱ ላይ፤ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ።»

«እና?»

«ዳር ይዤ አቆምኩ። ጎማ ልይ ብዬ ወረድኩና፣ እስኪለቀኝ ድረስ ጎማውን በእግሬ እየመታሁ ቆየሁ።»

ሚስቱ የካውያውን ገመድ ነቀለች። ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ አልጮኸችም።

«ነገ ጠዋት አብሬህ እሳፈራለሁ» አለችው። «ልክ ከኋላህ ያለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሌላው ሰው ሳያውቅ ነው የሚሳፈረው፤ እኔ ዐውቄ እሳፈራለሁ።»

«ቀልድሽን ተይ።»

«አልቀለድኩም። ሸሚዝህም ተተኩሷል።»

ካለች ታደርገዋለች፤ ያውቃታል። ከኋላው ተቀምጣ፣ ከፊቷ ያለውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ታየችው። ከእሷ ጋር የየጠዋቱ ተሳፋሪዎችም ታዩት፤ ያን ቀን ስለ ጎማው ሲዋሻቸው «አይዞህ ጋሼ፣ ተረጋግተህ እየው» ያሉት ሰዎች። ጆሮው ድረስ ኀፍረት ተሰማው።

ስልኩን አንሥቶ ስምሪት ክፍል ደወለ።

«ነገ በእኔ ቦታ ሌላ ሹፌር መድብ» አለ።

የስምሪት ኃላፊው ደነገጠ። ጋሽ እንቁላል ቀርቶ አያውቅም። «ምነው ጋሼ፣ ሐዘን ገጠመዎት? ሐዘን ብዬ ልመዝግብልዎት?»

ሐዘን ቢል የሚጠይቀው የለም። ሰኞም ምርመራውን እንደምንም ያልፍ ይሆናል፤ መሪውም በእጁ ይቆያል። ቀና ሲል ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማዋን እያደረገች፣ ጆሮዋን ግን ወደ እሱ ጥላለች።

«ሐዘን አይደለም» አለ። «ልቤን አሞኛል። እየነዳሁም ይዞኛል። እንደዚያ ብለህ መዝግብ።»